በበልግ የት እንቁም? ለሰሜን ሸዋ ወፍ ተመልካቾች የቦታ ምርጫ

መጋቢት ሲገባ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል። «ቅዳሜ አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ፤ የት ልሂድ?» አንዱ አንኮበር ይላል፣ አንዱ ጣርማ በር፣ አንዱ ጀማ። ጓሳን የሚጠራም አለ። እስካሁን ለእያንዳንዱ በስልክ ለየብቻ ስመልስ ነበር። አሁን አንድ ላይ ልጻፈው።

መጀመሪያ ግን የምንፈልገውን እንለይ። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖሩትን ለማየት ከሆነ በማንኛውም ወር መሄድ ይቻላል። የበልጉ ጉዳይ ሌላ ነው። ከመስከረም ጀምሮ እኛ ዘንድ ወይም ከእኛ ወደ ደቡብ ርቀው የከረሙ ወፎች ወደ አውሮፓና ወደ እስያ የሚመለሱበት ጊዜ ነው። በባሕረ ሐሳብ ቆጠራ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ብዙ ሰው ጸደይ ሲባል መስከረምና አደይ አበባ ትዝ ይለዋል፤ የወፎቹ ጉዞ ግን ከድሮው ቆጠራ ጋር ነው የሚቀራረበው። ንስሮቹ ትንሽ ይቸኩላሉ። ከየካቲት ጀምሮ መንገድ ይጀምራሉ። ንብ የሚበሉት ባለቀለሞቹ ደግሞ እስከ ሚያዝያ መጨረሻና ከዚያም በኋላ ያልፋሉ።

ቦታ ስትመርጡ በአእምሯችሁ አንድ መስመር አስምሩ። ከአንኮበር ተነስቶ በጣርማ በር አድርጎ ወደ ሰሜን የሚሄደው ገደል ነው መስመሩ። በስተ ምዕራብ ደጋው፣ በስተ ምሥራቅ ቁልቁል የአፋር ቆላ። ንስርን የመሰሉ ከባድ ወፎች ክንፍ እያርገበገቡ ረጅም መንገድ አይሄዱም፣ ጉልበታቸው ያልቃል። ነፋስ ከቆላው መጥቶ ገደሉን ሲመታ ወደ ላይ ይወጣል። ፀሐይ ቋጥኙን ስታሞቀውም አየሩ ሽቅብ ይነሳል። እነሱ በዚያ ላይ ተሳፍረው ይዞራሉ፣ ከፍ ይላሉ፣ ከዚያ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ ሰሜን ይንሸራተታሉ። ደግሞ ይዞራሉ። ይህንን አንዴ በዓይናችሁ ካያችሁት የትኛው ቦታ እንደሚሻል ራሳችሁ መገመት ትጀምራላችሁ።

ስለ ስቴፕ ንስር አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ለእኔ የበልጉ ዋና እንግዳ እሱ ነው። ወደ አፍሪካ ሲመጣ ብዙው በየመንና በጅቡቲ መካከል ያለውን ጠባብ ባሕር፣ ባብ ኤል መንደብን፣ ተሻግሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መኸር በጅቡቲ በኩል ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ወደ 246,000 የሚጠጉ አዳኝ አሞሮች ሲያልፉ አይተዋል፤ ከእነዚያ ውስጥ የስቴፕ ንስር ብዙ ነበር። ሲመለስ ግን በመጣበት አይሄድም። ከቀይ ባሕር ወዲህ ማዶ ሆኖ ወደ ሰሜን ይወጣና በስዊዝ በኩል ይሻገራል። ስለዚህ በበልግ መንገዱ በእኛ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ዝርያው በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመዝግቧል። ጓሮአችን ላይ የሚያልፈውን ቆመን መቁጠራችን ዋጋ አለው የምለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ምርጫው።

ገማሳ ገደል። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስትሄዱ፣ ከተማው ከመድረሱ በፊት መንገዱ ገደሉን ተጠግቶ የሚያልፍበት ነው። አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ከሁሉ የምመርጠው ይሄን ነው። ሁለት ነገር ባንድ ቦታ ታገኛላችሁ። በጠዋት አፋፉ ላይ የአንኮበር ሴሪንን ትፈልጋላችሁ። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ዥጉርጉር፣ ከቋጥኝ ተለይታ ለማየት የምታስቸግር ወፍ ናት፣ በቡድን መሬት ለመሬት ትለቃቅማለች። ከዚያ ፀሐይ ሲበረታ ጀርባችሁን ለመንገዱ ሰጥታችሁ ወደ ደቡብ ታያላችሁ፤ አሞሮቹ የሚመጡት ከዚያ ነው። ስለ ሴሪኗ ሁሌ የሚደንቀኝ ነገር አለ። ጣሊያናዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ሰፍሮ፣ እዚያው በ1882 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ ሰዎቹ ወፍ ሲሰበስቡ ነበር። ሴሪኗን ግን ማንም አልለያትም። ያየኋት አዲስ ናት ያለው ሰው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ በሳይንስ ስም የወጣላት እ.ኤ.አ. በ1979። መቶ ዓመት ሙሉ እዚያው ገደል ላይ ነበረች። ስለዚህ «እዚህ አዲስ ነገር የለም» የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

የገማሳ ጉድለቱ ነፋሱ ነው። ጋቢ ያስፈልጋል፤ ጃኬት ብቻ አይበቃም። እረኞቹም ልጆቹም ይከቧችኋል፣ ይህ ግን ለእኔ ጉድለት አይደለም። ባይኖኩላሩን አንዴ ካሳያችኋቸው ከናንተ ቀድመው «ያውና!» ማለት ይጀምራሉ። ዓይናቸው ከእኛ ዓይን በብዙ ይበልጣል።

ጣርማ በር። ለንስር ብቻ ከሆነ፣ ሰማዩም ጥርት ካለ፣ ይሄ ከገማሳ አይተናነስም፤ እንዲያውም አንዳንድ ቀን ይበልጣል። ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ከበሩ ወዲያ መሬቱ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ እናንተ ከላይ ስለሆናችሁ ወፉን ከታች ሳይሆን ጀርባውን እያያችሁ ነው የምታሳልፉት። ይህ ለመለየት ትልቅ ነገር ነው። ግን ጉሙ! በበልግ ከምሥራቅ እርጥብ አየር ሲመጣ ገደሉ ጠዋት በሙሉ ይሸፈንና እጃችሁን እንኳ ማየት ያቅታችኋል። ባለፈው ዓመት ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ሄጄ እስከ 5 ሰዓት ጉም ውስጥ ተቀምጬ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ጣርማ በርን የሚመርጥ ሰው ሁለተኛ ሐሳብ ይያዝ። ጉም ካለ አትጠብቁ። ወይ ወደ ደብረ ሲናና አርማንያ ውረዱ፣ ከጉሙ በታች ትሆናላችሁ፤ ወይ ወደ ደብረ ብርሃን ሜዳ ተመለሱ። ጫካ ለሚወድ ደግሞ ወፍ ዋሻ እዚያው ቅርብ ነው፤ አዲስ አበባ አቅራቢያ ያለው የሱባ ጫካ ዘር በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ የተወሰደው ከዚያ ነው ይባላል። ጫካ ውስጥ ግን ሰማዩ አይታይምና የአሞራ ፍልሰት አትጠብቁ።

ሰዓትን በሚመለከት፣ ገማሳም ሆነ ጣርማ በር፣ ለንስር ብላችሁ በ12 ሰዓት መድረስ አያስፈልግም። መሬቱ እስኪሞቅ ወፉ አይነሳም። ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ያለው ነው ጥሩው። ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ ለትንንሾቹ ስጡት።

የደብረ ብርሃን ሜዳ። ሰዎች ንቀውት ያልፋሉ፤ እኔ ግን የማዝነው ለዚህ ቦታ ነው። ከጫጫ ጀምሮ እስከ በሬሳ ወንዝ ዳር ያለው ረግረግና የታረሰ መሬት በመጋቢት ሕይወት አለው። ጅራቷን ሳታቋርጥ የምትነቀንቀው ቢጫ ደረቷ ወፍ፣ ጋይዶች የሎው ዋግቴይል የሚሏት፣ በሬ ተከትላ ከእርፉ ኋላ ትለቅማለች። ይህ ወር ለእሷ ምርጥ ነው፤ ምክንያቱም ለመሄድ ስትዘጋጅ ላባዋን ቀይራ ትደምቃለች። የአንዱ ወንድ ራስ ጥቁር ነው፣ የሌላው አመድማ፣ የሌላው ሰማያዊ ቢጤ። ራሱን አይታችሁ ከየት አገር እንደመጣ መገመት ትችላላችሁ። በኅዳር ብትሄዱ ይህን ልዩነት አታገኙትም። ሣሩን ዝቅ ብለው እየጠረጉ የሚበሩት፣ ሃሪየር የሚባሉት አዳኝ አሞሮችም ያልፋሉ። ወንዱ በክንፉ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ካለው ሞንታጉ ነው፤ ነጣ ብሎ ጥቁሩ በክንፉ ጫፍ ላይ እንደ ሽብልቅ ጠበብ ካለ ፓሊድ ነው። ሴቶቹን ለመለየት አትጨነቁ፤ «ሃሪየር ሴት» ብሎ መጻፍ በቂ ነው።

ሜዳው በጠዋት ይሻላል፣ ከ12 እስከ 3 ሰዓት። ታክሲ ይደርሳል፣ ወጪ የለውም፣ ሕፃንም አዛውንትም ይሄዱበታል። ለጀማሪ ሰው ከአንኮበር በፊት ይሄን ነው የምመክረው። ከዚያ 3 ሰዓት ላይ መኪና ካላችሁ ወደ ገማሳ መሻገር ነው። ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ ቅዳሜ አላውቅም።

ሸዋ ሮቢትና መልካ ጀብዱ። ቆላ ናቸው፣ ሙቀት አለ። ንብ የሚበላው ባለቀስተ ደመና ቀለሙ ወፍ፣ ሰማያዊ ክንፍ ያለው ሮለር፣ ነጭ ሽመላ፣ እነዚህን የሚፈልግ ሰው ወደዚህ ይውረድ። ሸዋ ሮቢት በአስፋልት ስለሚደረስ ይቀላል፤ በመስኖ የሚለማ መሬትና የፍራፍሬ ዛፍ ስላለ ትንንሾቹ መንገደኞች ያርፉበታል። መልካ ጀብዱ ከአንኮበር በአልዩ አምባ በኩል ወደ ታች ነው፣ መንገዱ ይከብዳል፤ ግን ሌላ የትም በቀላሉ የማትገኝ ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነች ዘር ለቃሚ ወፍ አለች፣ የኢትዮጵያ ብቻ ናት። ለእሷ ብሎ የሚሄድ ሰው ይገባኛል። ለፍልሰት ብቻ ከሆነ ሸዋ ሮቢት ይበቃል። የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ከጣለ ማግስት ከተገኛችሁ ደግሞ ምስጥ ክንፍ አውጥቶ ሲነሳ ጭልፊቱም ንብ በሉም ትንንሾቹም ተሰብስበው ሲቀልቡት ታያላችሁ፤ ያን ቀን የትም አትሂዱ፣ እዚያው ቁሙ።

ጓሳ። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በጣርማ በር ወደ መንዝ ተገንጥሎ። ጓሳን የምወደውን ያህል ለበልግ ፍልሰት አልመርጠውም። ቀይ ቀበሮው፣ ጭላዳው፣ ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ፣ የመንዝ ሰው ሣሩን ለዘመናት ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የአጠባበቅ ደንብ ሲጠብቅ የኖረበት ታሪክ፣ ይህ ሁሉ ሁለት ሌሊት ይፈልጋል። አንድ ቀን ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ መንገድ ላይ ያልቃል። ሁለት ሌሊት ካላችሁ ሂዱ፤ በመጋቢት ሜዳው ላይ የሚያልፉ ሃሪየሮችና ንስሮች ይኖራሉ። ያለዚያ ለጥቅምት አቆዩት።

ጀማ። በሙከጡሪና በለሚ አድርጎ ወደ ዓለም ከተማ የሚወርደው ሸለቆ። የሀርውድ ቆቅን ለማየት ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም፤ እሷም የኢትዮጵያ ብቻ ናት። ለመንገደኛ ወፍ ግን መስመሩ ላይ አይደለም። ደብረ ሊባኖስም እንዲሁ። ገዳሙ አካባቢ ባለው ዛፍ ውስጥ ትንንሽ እንግዳ ወፎች ከመሄዳቸው በፊት ሲያንጎራጉሩ ይሰማል፤ ከሸለቆው በላይ ባለጢሙ አጥንት ሰባሪ አሞራ ይዞራል። ደስ ይላል፣ ግን ንስር ልቆጥር ብሎ የሚሄድበት አይደለም።

የትም ስትሄዱ መንገዱ ሰላም መሆኑን ዛሬ እዚያ የዋለ ሰው ጠይቁ። የትናንት ወሬ አይበቃም።

ባይኖኩላር ለሚገዛ ሰው፣ 10 በ50ን ትታችሁ 8 በ42ን ያዙ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ነው፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር። አፋፍ ላይ ነፋስ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ አጉልቶ ማየቱ ከመንቀጥቀጡ ጋር ሲሆን ጥቅም የለውም። ስቴፕ ንስርን ከኛው ነዋሪ ንስር ለመለየት የአፉን ጥግ እዩ። ቢጫው መስመር ከዓይኑ ጀርባ ድረስ ከዘለቀ ስቴፕ ነው። ወጣቶቹ በክንፋቸው ሥር ሰፊ ነጭ መስመር አላቸው፣ ከሩቅ ይታያል። ከተማ ውስጥ የሚዞረው ጭልፊት ምንቃሩ ቢጫ ነው፤ የእንግዳው ጥቁር ነው። የኛው ጫጩት ግን እስኪያድግ ድረስ ምንቃሩ ጠቆር ስለሚል በእሱ ብቻ አትወስኑ።

አሁን ያየነውን ለሰው እንዴት እንናገር? ይህን ከቦታው ምርጫ አላሳንሰውም። ከአንኮበር እስከ ጣርማ በር በቀጥታ መስመር 30 ኪሎ ሜትር ቢሞላ ነው። ነፋስ ያገኘ ንስር ይህን አንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይጨርሰዋል። ማለትም ገማሳ ላይ ያለ ሰው «ሃያ ንስር አሁን አለፈ» ቢል፣ ጣርማ በር ላይ ያለው ሻዩን አስቀምጦ ወደ ደቡብ መመልከት ይችላል። ወሬው ከወፉ ይቀድማል። ይህ እንዲሆን ግን ወሬው አራት ነገር መያዝ አለበት። የት፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት፣ ወዴት እየሄደ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ «ዛሬ ንስር በሽ በሽ ነው!» ብዬ ላክሁና አንድ ጓደኛዬ ከደብረ ሲና ሽቅብ ወጥቶ ባዶ ሰማይ ሲያይ ዋለ። ያየሁት በጠዋት ነበር፤ የላክሁት ማታ።

ለዛሬ ወሬ ቴሌግራም ይበልጣል። ፈጣን ነው፣ ኔትወርክ ሲደክምም አጭር ጽሑፍ ይሄዳል። አፋፍ ላይ ጣት ሲደነዝዝ ድምፅ መላክም ይቻላል፣ ግን ነፋሱ ስለሚውጠው ጀርባችሁን አዙሩ። የቴሌግራም ችግሩ በሦስተኛው ቀን የላካችሁት በሌላ ወሬ ሥር ይቀበራል፤ በዓመቱ ማንም አያገኘውም።

ለዓመታት ኢበርድ ይበልጣል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመሩት የወፍ መመዝገቢያ ነው፣ በነፃ ነው፣ ኔትወርክ በሌለበት ተመዝግቦ በኋላ ይላካል። ስንት ሰዓት እንደቆማችሁ ስለሚጠይቅ ያላያችሁትም ትርጉም ያገኛል። አራት ሰዓት ቆማችሁ አንድም ንስር ካልመጣ ያን መመዝገብ ሃያ እንደመቁጠር ነው። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ሰዓቱንና ቀኑን። ለእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆነውን 3:00 ብላችሁ ከጻፋችሁ አፑ ሌሊት 9 ሰዓት ያደርገዋል። ንስር በሌሊት አይበርም። መጋቢትን ማርች አድርጋችሁ ቀኑን ሳታዛውሩ ከላካችሁም ወፉ ከዘጠኝ ቀን በፊት ያለፈ ይመስላል። ብዙ ጥሩ መረጃ በዚህ ተበላሽቷል።

ደብተርስ? ደብተር ይቅደም ነው የምለው። ስልክ ይሞታል፣ ብርድ ላይ ባትሪ ቶሎ ያልቃል። ደብተር ላይ በኢትዮጵያ ሰዓት እንደልባችሁ ጻፉ፣ ቤት ገብታችሁ ወደ ኢበርድ ስታስገቡ አዛውሩት። አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ በመንገድ ላይ ቴሌግራም፣ ማታ ቤት ኢበርድ እላለሁ፤ ሁለቱንም የሚመግበው ደብተሩ ነው። ሜርሊን የሚባለው አፕ ድምፅ ሰምቶ ስም ይነግራል፤ ለመነሻ ጥሩ ነው፣ ግን በዓይናችሁ ሳታዩ እሱ ስላለ ብቻ አትመዝግቡ።

ስትናገሩ የማትናገሩትም ይኑር። የሚያልፍ ንስርን የትም ጮክ ብላችሁ አውሩ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እዚያ የለም። ጎጆ የሠራችን ወፍ፣ በተለይ ሴሪኗን ወይም ባለቢጫ ጉሮሮዋን፣ ጎጆው ያለበትን ድንጋይ ፎቶ አንስታችሁ በግሩፕ አትልቀቁ። ሰው ተከታትሎ ሲመጣ እናቲቱ እንቁላሉን ትታ ትሄዳለች። አካባቢውን መናገር ይበቃል።

የፊታችን ቅዳሜ እኔ ከ12 ሰዓት ጀምሮ በሬሳ ዳር ነኝ፣ ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ገማሳ ገደል። ጣርማ በር ላይ ገና ሰው አልተገኘም። የሚቆም ካለ ዓርብ ማታ ይንገረኝ፤ ጉም ከሆነም 3 ሰዓት ላይ «ጉም ነው» ብሎ ይላክልኝ።